ለቅሬና ለድግስ ዕቃ ምልክት የትኛው ብዕር ይሻላል?

ደሴ ላይ ድግስ በአንድ ቤት ዕቃ አይወጣም። ሰርግም ይሁን ሰደቃ፣ ለቅሶም ይሁን ክርስትና፣ ቅሬው፣ ማለትም የሰፈሩ መረዳጃ ዕድር፣ ድንኳኑን፣ አግዳሚውን፣ ጎላውንና በርሜሉን ያቀርባል፤ የጎደለውን ጎረቤት ይሞላል። ትሪ ከወዲህ ቤት፣ ብርጭቆ ከወዲያ ቤት፣ ጀሪካን ከየቤቱ። ዕቃው ሲሄድ በምርቃት ይሄዳል። ጣጣው የሚመጣው ሲመለስ ነው። ባለ 20 ሊትሩ ቢጫ ጀሪካን ከሸዋ በር እስከ ቧንቧ ውሃ መልኩ አንድ ነው፤ ጽጌረዳ የታተመበት ትሪም በየቤቱ አለ። ድንኳኑ በፈረሰ ማግስት፣ ግቢ መሐል የተቆለለውን ዕቃ ከበው የሚቆሙት እናቶች ሁሉም እውነታቸውን ነው። ሁሉም የራሳቸውን ዕቃ ያውቁታል፤ ችግሩ አንዱን ጭልፋ ሦስት ሰው ማወቁ ነው።

መፍትሔው ምልክት ነው። ምልክት ደግሞ መጻፊያ ይፈልጋል፤ ስሕተቱም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አብዛኛው ቤት መጻፊያውን የሚመርጠው እጁ ላይ ካገኘው ነው፦ የተማሪ ልጅ እስክሪብቶ፣ ከትምህርት ቤት የመጣ ማርከር፣ ከበር ቅብ የተረፈ ቀለም። በዚህ ጉዳይ አቋሜ ጽኑ ነው፤ መጻፊያ የሚመረጠው በሚያርፍበት ዕቃና ዕቃው በሚታጠብበት መንገድ ነው። ለዓመታት ቡና ሲጠራሩ የኖሩ ጎረቤታሞች በአንድ ጭልፋ ሲኮራረፉ ማየት ያሳዝነኛል፤ ነገሩ በአንዲት ደህና ማርከር ሊቀር ይችል ነበርና።

ጊዜ ለሌለው ፍርዱን አስቀድሜ ልንገር። ለትሪ፣ ለድስት ክዳን፣ ለሸክላ ሳህንና ለፕላስቲክ ወንበር የዘይት ቀለም ማርከር ይግዛ። ለብርጭቆና ለሲኒ የጥፍር ቀለም ይበቃል። ለአሉሚኒየም ድስትና ለጎላ ሚስማርና መዶሻ፣ ለጀሪካን የጋለ ብረት፣ ለጋቢና ለብርድ ልብስ መርፌና ክር። ተራው ፐርማነንት ማርከር ለአግዳሚ፣ ለሰፌድና ለካርቶን ይሁን። እስክሪብቶና የነጭ ሰሌዳ ማርከር ከዚህ ሥራ ይራቁ። አንድ ብቻ ለመግዛት አቅም ያለው ሰው የዘይት ቀለሙን ማርከር ይዞ ይግባ፤ ሌላው ሁሉ ከቤት አይጠፋም።

በነገራችን ላይ ምልክትን በሕግ ደረጃ ያሰቡበት ሰዎች አሉ፤ የጎልፍ ተጫዋቾች ናቸው። የጎልፍ ኳስ ዲያሜትሯ ከ42.67 ሚሊ ሜትር የማያንስ፣ ክብደቷ ከ45.93 ግራም የማይበልጥ ትንሽ ኳስ ናት፤ አብዛኛውን ጊዜ ነጭ ስለሆነች የአንዱ ከሌላው አትለይም። ስለዚህ የጨዋታው ሕግ በአንቀጽ 6.3 ተጫዋቹ በኳሱ ላይ መለያ ምልክት እንዲያደርግ ይመክራል። ሣር ውስጥ የገባች ኳስ ፍለጋዋ ከተጀመረ በ3 ደቂቃ ውስጥ ካልተገኘች እንደጠፋች ትቆጠራለች፤ ከ2019 እ.ኤ.አ. በፊት 5 ደቂቃ ይሰጥ ነበር። ብትገኝም የራሱ መሆኗን መለየት ካልቻለ አይጠቅመውም። ብዙዎቹ በ1964 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ የወጣውን ሻርፒን የመሰለ ፐርማነንት ማርከር ይይዙና ከኳሷ ቁጥር አጠገብ ነጥብ ወይም መስመር ያሰፍራሉ። ለእነሱ ይበቃል። ኳሷ በዱላ ትመታለች፣ በሣር ላይ ትንከባለላለች፣ ማንም ግን በሽቦ አይፈገፍጋትም።

የእኛ ትሪ ዕጣው ሌላ ነው። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ ቅባቱን ትሪው ላይ ያረጋዋል፤ አጣቢዎቹም የፈላ ውሃ ያፈሳሉ፣ የዱቄት ሳሙና ይነሰንሳሉ፣ እምቢ ያለውን በሽቦ ይፈገፍጋሉ። ጎላው በአመድና በአሸዋ ይታሻል። የታጠበው ዕቃ ፀሐይ ላይ ተደፍቶ ይውላል። ቀጥሎ አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርቦ በጋሪ ወይም በባጃጅ ኋላ እየተንገጫገጨ ይመለሳል። ምልክት ማለት ሙቅ ውሃን፣ ቅባትን፣ ፍትጊያንና ፀሐይን አሸንፎ የሚቀር ነገር ነው። በዚህ መስፈርት ነው እያንዳንዱን መጻፊያ የማየው።

የማይሆኑት

እስክሪብቶ የተሠራው ለወረቀት ነው፤ ወረቀት ቀለሙን ይጠጣዋል፣ ትሪ አይጠጣም። ከዚህ በላይ ልለው የምፈልገው የለም።

የነጭ ሰሌዳ ማርከር ግን አደገኛ የሚያደርገው ነገር ስላለ ትንሽ ልቆይበት። መልኩ ከፐርማነንቱ ጋር አንድ ነው፤ ክዳኑም፣ ውፍረቱም፣ ቀለሙም። ሱቅ ውስጥ በአንድ ጣሳ ተቀላቅለው ይቀመጣሉ። ልዩነቱ ያለው ውስጡ ነው፤ የሰሌዳው ቀለም እንዳይጣበቅና በጨርቅ እንዲነሣ የሚያደርግ ነገር ተጨምሮበታል። ባለሙያ አስቦ እንዲጠፋ የሠራውን ቀለም እኛ እንዲቆይ እንጠይቀዋለን። ይባስ ብሎ፣ በፐርማነንት ማርከር የተጻፈ ምልክት ላይ በሰሌዳ ማርከር ደርባችሁ ከጻፋችሁና ወዲያው ከጠረጋችሁት የሥረኛውንም ይዞት ይነሣል። የደበዘዘ ምልክት አደምቃለሁ ብሎ የሰሌዳ ማርከር የሚያነሣ ሰው የነበረውንም ያጠፋል ማለት ነው። ስትገዙ በጎኑ ላይ የተጻፈውን አንብቡ፤ በላቲን ፊደል «ፐርማነንት» ካላለ መልሱት።

ተራው ፐርማነንት ማርከር

ይህ ሰው ሁሉ የሚያምነው ነው፤ እኔ ግን ሙሉ እምነቴን አልሰጠውም። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ቀለሙና ሙጫ መሰል ሬዚን በአልኮል ነክ ፈሳሽ ይሟሟሉ፤ ስትጽፉ ፈሳሹ ይተንና ቀለሙ ከሬዚኑ ጋር ይቀራል። ውሃ ብቻውን አያሟሟውም። ስለዚህ ዝናብ ላይ ይጸናል፣ ተራ እጥበትም ይችላል። ሽቦ ሲመጣበት ግን ወዲያው እጅ ይሰጣል፤ ንብርብሩ በጣም ስስ ነውና። በአልኮል የሟሟ ነገር ደግሞ አልኮል ሲያገኝ መልሶ ይሟሟል። አረቄ የፈሰሰበት ትሪ፣ ሽቶ የነካው ክዳን፣ ሳኒታይዘር ያልደረቀበት እጅ የዳበሰው ብርጭቆ ምልክቱን ያጣል።

ጥሩ የሚሆንበት ቦታ አለው። ያልተቀባ እንጨት ላይ ቀለሙ ወደ ውስጥ ይሰርጋል፤ የአግዳሚ ወንበር ሆድ ላይ የተጻፈ ስም ረዥም ዕድሜ አለው። ሰፌድና ሞሰብ ታች ላይም ይይዛል። ካርቶን ላይማ የሚያህለው የለም። የምትገዙት ጥቁሩን ይሁን፤ ቀዩ ፀሐይ ላይ ፈጥኖ ይገረጣል።

የዘይት ቀለም ማርከር

ልቤ ያለው እዚህ ነው። ገበያ ላይ ፔይንት ማርከር እየተባለ ይጠራል፤ ሾፌሮች የጎማ ፊደል ነጭ የሚያደርጉበት ዓይነት ነው። ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር ካጣችሁት የመኪና መለዋወጫና ጌጣጌጥ የሚሸጡትን ጠይቁ። ውስጡ ያለው እውነተኛ ቅብ ነው፤ የደቀቀ ቀለም ከሬዚን ጋር። ሲደርቅ በዕቃው ላይ ውፍረት ያለው ንጣፍ ይሠራል፤ በጣት ስትዳብሱት ይታወቃችኋል። ስሱ የማርከር ቀለም በአንድ ፍተጋ ሲሄድ ይህ ብዙ እጥበት ይችላል። ነጩና ወርቅማው ጥላሸት በጠገበ ድስት ላይ እንኳ ጎልቶ ይታያል፤ ጥቁሩን ማርከር ጥቁር ድስት ላይ ማን ያየዋል?

ሁለት ዓይነት ስላለ ተጠንቀቁ። አንዱ በውሃ የተበጠበጠ ነው፤ ሽታ የለውም፣ ለሥዕልና ለወረቀት ጌጥ የሚውል ነው፣ ለዕቃ አትመኑት። ሌላው በዘይት ቀለም የተሠራው ነው፤ ክዳኑን ስትከፍቱ የቅብ ሽታ አፍንጫችሁን ይመታል። የሚፈለገው ይኸኛው ነው። ሽታው የሚመጣው ከአሟሚው ፈሳሽ ስለሆነ በረንዳ ላይ ወጥታችሁ ጻፉ፤ የከሰል ምድጃም አጠገባችሁ አይኑር፣ ትነቱ እሳት ይወዳል።

አጠቃቀሙን ካላወቁበት ያስቀይማል፤ ስለዚህ እጅ በእጅ ላሳያችሁ። ክዳኑ እንደተከደነ በኃይል ናጡት፤ ውስጡ ያለችው ትንሽ ኳስ ስትንኳኳ ትሰማላችሁ። ካልተንኳኳች ቀለሙ ሥር ረግቷል ማለት ነው፤ እስክትላቀቅ ናጡ። ከዚያ ክፈቱና ጫፉን አሮጌ ካርቶን ላይ ቀጥ አድርጋችሁ ተጫኑት፤ ጫፉ ትንሽ ወደ ውስጥ ይገባና ቀለሙ ቀስ እያለ ይወርዳል። ነጩ ጫፍ ቀለሙን ሲጠግብ ካርቶኑ ላይ አንድ መስመር ሞክሩ። ትሪው ላይ ተጭናችሁ እንዳትጀምሩ፤ አንድ ማንኪያ ቀለም ይዘረግፍባችኋል። ዕቃው ደግሞ መጀመሪያ ከቅባት መጽዳት አለበት። የታጠበ ትሪ እንኳ ስስ ቅባት አይጠፋበትም፤ ሳኒታይዘር በነካ ጨርቅ ጥረጉትና እስኪደርቅ ጠብቁ። ከጻፋችሁ በኋላ ላዩ በደቂቃዎች የደረቀ ይመስላል፤ አትመኑት፣ ሙሉ 24 ሰዓት ሳይነካ ይደር። ለነገ ሰርግ ዛሬ ማታ የተጻፈ ምልክት ነገ ማታ በአጣቢዋ እጅ ላይ ነው የሚገኘው።

የት ይጻፍ ለሚለው፣ አጣቢ እጇ የማይደርስበት ወይም ደርሶም የማይበረታበት ቦታ ምረጡ። የትሪ ጀርባ፣ ከጠርዙ ሥር፤ የሳህን ቂጥ፣ በቀለበቱ ውስጥ ባለው ጎድጓዳ። ምግብ የሚነካው ገጽ ላይ ፈጽሞ አይጻፍ፤ ቀለሙ ለምግብ የተሠራ አይደለም። የድስት ቂጥ ላይም አትጻፉ፤ እሳት የሚበላው እሱን ነው። ክዳኑ ላይ ብቻ ጽፎ መተውም አይበቃም። ክዳንና ድስት በድግስ ቀን ይፋታሉ፤ ማን ከማን ጋር እንደተጋጠመ የሚያውቅ የለም። ጆሮው ሥር ጻፉ፤ ክዳኑን ለብቻው ደግሙት።

የጥፍር ቀለም

በየቤቱ አለ፣ ትንሽ ብሩሽ አለው፣ ብርጭቆ ላይ ይይዛል። ናይትሮሴሉሎስ የሚባል ንጣፍ የሚሠራ ነገር ቶሎ በሚተን ፈሳሽ ውስጥ የሟሟበት ስለሆነ ፈጥኖ ይደርቃል፤ ለችኮላ ቀን የሚሆን ከእሱ ሌላ የለም። ብርጭቆ በሽቦ አይፈገፈግም፤ በስፖንጅና በሳሙና ነው የሚታጠበው፤ ስለዚህ የብርጭቆ ቂጥ ላይ ያረፈች ቀይ ነጠብጣብ ብዙ ድግስ ታሳልፋለች። ሲኒም እንዲሁ። ሁለት ጊዜ ደርቡት፤ የመጀመሪያው ሳይደርቅ ሁለተኛው ከተጨመረ ተልጦ ይወጣል።

ድክመቱ መብዛቱ ነው። ቀይ የጥፍር ቀለም የሌለው ቤት የለምና በአንድ ሰፈር ሃያ ቤት በቀይ ነጥብ ምልክት ያደርጋል። ከጎረቤት ጋር ተነጋገሩ፤ አንዷ ቀይ ከያዘች ሌላዋ ሐምራዊ ትያዝ፣ ሦስተኛዋ ብልጭልጩን ትውሰድ። ብልጭልጩ ማታ በባትሪ ሲፈለግ ስለሚያበራ የመጀመሪያ ምርጫ ብሎ የሚወስደው ሰው ተሳስቷል አልልም።

አሉሚኒየም ድስት ላይ ግን ጊዜያችሁን አታጥፉ። እዚያ መዶሻና ሚስማር ይሻላል፦ ጆሮው አጠገብ ነጥብ በነጥብ እየመታችሁ ምልክቱን አውጡ። አሸዋም አመድም አይፍቀውም። ቅብ ያለበትን የኢናሜል ሳህንና ድስት ግን በሚስማር አትንኩ፤ ቅቡ ይፈነከትና ከሥሩ ዝገት ይጀምራል።

የጀሪካኑ ጉዳይ

ከሁሉም የበለጠ ሰው የሚጣላበት ጀሪካን ስለሆነ ለብቻው ላንሣው። ውሃ በጠፋ ሰሞን የሚሰለፈው፣ ለግሸን ማርያም መስከረም 21 ጉዞ የሚጫነው፣ ለጀማ ንጉሥ መውሊድ ውሃ የሚቀዳበት ያው ቢጫ ጀሪካን ነው። ቂጡን ገልብጣችሁ ብታዩ ብዙ ጊዜ በሦስት ማዕዘን ቀስት ውስጥ 2 ቁጥር ታገኛላችሁ፤ ጥቅጥቅ ያለ ፖሊኢትሊን ማለት ነው። የዚህ ፕላስቲክ ጠባዩ ሰም መሰል ነው፤ ምንም ነገር አጥብቆ አይዝም። ማርከር ትጽፉበታላችሁ፣ በጥፍራችሁ ስትፍቁት ይነሣል። የዘይት ቀለሙም ቢሆን ደርቆ እንደ ቅርፊት ይላጣል። የፕላስቲክ ወንበርና ሳፋ ቂጥ ላይ የምታዩት 5 ቁጥር ፖሊፕሮፒሊን ነው፤ የዚህም ጠባይ ከጀሪካኑ ብዙ አይርቅም፤ ነገር ግን ወንበር እንደ ጀሪካን በድንጋይ ላይ አይጎተትም።

በብዕር ካልሆነ እምቢ የሚል ሰው ቦታውን በብርጭቆ ወረቀት ይሸክሽከው፤ ገጹ ሲሻክር ቀለሙ የሚይዘው ነገር ያገኛል። ጠርጎ፣ አድርቆ፣ በዘይት ቀለም ማርከር ይጻፍና አንድ ቀን ያሳድረው። እጀታው ሥር ካለው ጎድጓዳ ውስጥ ይጻፍ፤ ሆዱ ላይ የተጻፈ ከጀሪካን ጋር ሲተሻሽ ያልቃል።

የጀሪካን ቁርጥ ያለው መፍትሔ ግን ብዕር አይደለም፤ የጋለ ብረት ነው። ይህ ፕላስቲክ 130 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ላይ ስለሚቀልጥ ከሰል ላይ የጋለ ወፍራም ሽቦ ወይም የሚስማር ጫፍ ያለ ድካም ይጽፍበታል። ደጅ ላይ፣ ጭሱ ወደ ሌላ በሚሄድበት በኩል ቆማችሁ፣ ጫፉን ነካ አድርጋችሁ አንሡ። የምትፈልጉት ጠባሳ ነው፤ ቀዳዳ ከሆነ ጀሪካኑ ለሌላ ሥራ ተሰናበተ። ግድግዳው ወፈር የሚለው እጀታው አካባቢ ስለሆነ እዚያው ላይ አድርጉት። ሽቦው በጉጠት ይያዝ፤ ልጆች ራቅ ይበሉ።

ምን ይጻፍ?

ጥሩ ማርከር ገዝቶ መጥፎ ምልክት የሚጽፍ ሰው ብዙ ነው። በነጥብ የሚለዩትን ልውሰድ። አንዷ ሦስት ነጥብ ታደርጋለች፣ ጎረቤቷ ሁለት። ሁለቱም ደስ ብሏቸው ወደ ድግሱ ይልካሉ። ከዚያ እንዲህ ይሆናል፦

«እትዬ፣ ይኸ ትሪ የእርስዎ አይደለም እንዴ?»

«ምልክቱን እይልኝ ልጄ፣ ከጀርባው ነው።»

«ሁለት ነጥብ አለው።»

«የኔ ሦስት ነበር።»

«አንዷ ተፍቃ እንደሆነስ?»

«ተፍቃ ከሆነማ የኔ ናት። ያልተፋቀች ከሆነች ግን የጎረቤቴ ናት።»

ይህን ክርክር ሽማግሌም አይፈታውም። ምልክት ሲጎድል የሌላ ሰው ምልክት መሆን የለበትም፤ የመጀመሪያው ሕግ ይህ ነው።

ፊደልም ተመሳሳይ ወጥመድ አለው። የ«ጀ» ቆብ ሲፋቅ «ደ» ይቀራል፤ የ«ሸ» አናት ሲሄድ «ሰ» ይሆናል፤ «ቸ» ወደ «ተ»፣ «ኘ» ወደ «ነ» ይወርዳሉ። በ«ጀ» የሚጀምር ስም ያለው ቤት ከአንድ ክረምት በኋላ ትሪው ስሙ በ«ደ» ወደሚጀምር ቤት ይሄዳል። ክብ ሳህን ቂጥ ላይ ደግሞ ላይና ታች የሚባል የለም፤ «ሀ» ተገልብጣ ስትታይ «በ» ትመስላለች። ሙሉ ስም መጻፍ ይሻላል የሚሉ አሉ፤ ቅሬው ውስጥ ስንት መሐመድና ስንት ተስፋዬ እንዳለ ቢቆጥሩ ሐሳባቸውን ይለውጣሉ።

ወሎ ውስጥ ደግሞ ከሁሉ የሚበልጥ ጥንቃቄ አለ። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ድንኳን ይቀመጣል፣ በአንድ ቅሬ ይቀባበራል፤ ሥጋው ግን ለየብቻ ይታረዳል፣ ለየብቻ ድስት ይሠራል። ይህ የመከባበራችን ሥርዓት ነው፤ ምልክት ደግሞ ሊያግዘው እንጂ ሊያውከው አይገባም። ሁለት መስመር አቋርጣችሁ የመደመር ምልክት ብታደርጉ ሰው መስቀል ነው ብሎ ያነበዋል። ክብ ብታደርጉ ግማሹ ሲፋቅ ጨረቃ ይቀራል፤ የክርስቲያኑ ጎላ በጨረቃ ምክንያት ወደ ሙስሊሙ ወጥ ቤት ይገባል፤ የሙስሊሙም በመደመር ምክንያት ወደዚያ ይሻገራል። ወጥ ሠሪዎቹ አይተው ይደነግጣሉ፣ ድስቱ ይገለበጣል፣ ምሳው ይዘገያል። ስለዚህ የቤት መለያችሁ መስቀልንም ጨረቃንም የማያስመስል ይሁን። የሁለቱ ወገን ዕቃ መለያ ደግሞ ለብቻው በቅሬው ስምምነት፣ በማያሻማ ሁኔታ በሙሉ ቃል ይጻፍ፤ «የሙስሊም»፣ «የክርስቲያን» ተብሎ። እዚህ ላይ ቀለም አይቆጠብም።

ለቤት መለያ የማምንበት ምልክት ዝግዛግ ነው። እንደ ጋራ ሰንሰለት ወጣ ገባ የሚል ወፍራም መስመር። ጫፉ ቢፋቅ የቀረው ያው ዝግዛግ ነው፤ ቢገለበጥም ዝግዛግ ነው። አንዱ ቤት በነጭ፣ ሌላው በወርቅማ፣ ሌላው በሰማያዊ ሊይዘው ይችላል። ሦስት ማዕዘንም መጥፎ አይደለም። ኮከብ ግን ለመሳል ያስቸግራል፤ በተንቀጠቀጠ እጅ የተሳለ ኮከብ ምን እንደሆነ ራሷ የሳለችውም በዓመቱ አታውቀውም።

ደሴና ኮምቦልቻ

በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚራራቁ ሁለት ከተሞች ለቀለም ሁለት አገር ናቸው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ብላችኋል፣ ሙቀቱም ይቀበላችኋል። ኮምቦልቻ ላይ በጠዋት የተጻፈ የዘይት ቀለም በነጋታው የጸና ነው። ደሴ ላይ በሐምሌና በነሐሴ ጉም ውስጥ የተጻፈ ግን 24 ሰዓት አይበቃውም፤ ሁለት ቀን ስጡት፣ ቤት ውስጥ ነፋሻ ቦታ ላይ ይሁን። ላድርቀው ብላችሁ ወደ ከሰል አታስጠጉት። ቢቻል የዓመቱን ዕቃ በጥቅምትና በኅዳር ፀሐይ፣ ከጥር ሰርግ በፊት ጽፋችሁ ጨርሱ።

ማርከሩን ከኮምቦልቻ ገዝቶ ሽቅብ ወደ ደሴ ለሚመጣ ሰው አንድ ነገር ልጨምር፦ ከፍታው ሲጨምር የአየር ግፊት ስለሚቀንስ ውስጡ የታሸገው አየር ቀለሙን ይገፋዋል። ቤት ስትደርሱ ክዳኑን ከነጭ ጋቢ ራቅ አድርጋችሁ፣ ጫፉን ወደ ላይ ይዛችሁ ክፈቱ።

ሱቅ ስትገቡ

ዋጋው ከሱቅ ሱቅ ይለያያል፤ የዘይት ቀለሙ ከተራው ማርከር ይወደዳል፤ አንዱ ግን ጫፉ ካልተበላሸ ለአንድ ቤት ዕቃ ሁሉ ይበቃል። ቅሬው በጋራ ቢገዛ ደግሞ ለየቤቱ የሚደርሰው ወጪ እዚህ ግባ አይባልም። ነጋዴውን ናጥ አድርጎ እንዲያሰማችሁ ጠይቁ፤ የማትንኳኳ ኳስ ያለችበት ማርከር ብዙ ጊዜ መደርደሪያ ላይ የከረመ ነው። ጫፉ ወፍራም ይሁን፤ ቀጭኑ ያምራል ግን ቀለም አያወርድም። ካርቶን ላይ ሳይሆን የሱቁ ቆርቆሮ ጣሳ ላይ ይሞከር፤ ካርቶን ላይ ሁሉም ጎበዝ ነው። ቤት ገብታችሁ ስታስቀምጡት ክዳኑን ቋ እስኪል ዝጉና አስተኙት።

ጋቢና ብርድ ልብስን በተመለከተ አጭር ቃል አለኝ፤ በምንም ማርከር አትንኩ። ጥጥ ላይ ቀለም ይሰራጫል፤ አንዲት ነጥብ ያላችሁት የእጅ መዳፍ ታክላለች። በአንድ ጥግ በቀለም ክር ሁለት ሦስት ስፌት ይበቃል። ጀበናም እንዲሁ አንገቷ ላይ ዶቃ ወይም ክር ይታሰርላት፤ እሳት የሚያገኛትን አካል ቀለም አትቀቡ።

የሌላ ሰው ምልክት ያለበት ዕቃ ከቤታችሁ ቢገኝ ማርከራችሁን አታንሡ። በላዩ ደርቦ መጻፍ ነገር ያመጣል። ለቅሬው ዕቃ ጠባቂ ይሰጥ፤ ጠባቂው ደግሞ ከየቤቱ ስም ትይዩ የየቤቱ ምልክት የተሳለበት ደብተር ይኑረው። ምልክቱ በቃል ተተርኮ አይመዘገብም፤ ባለቤቷ ራሷ በእጇ ትሳለው፣ ቀለሙም ከጎኑ ይጻፍ፣ ምልክቱ በዕቃው ላይ የት ቦታ እንዳለም ይጠቀስ፦ «ትሪ፣ ከጀርባ፣ ነጭ ዝግዛግ»። ለደብተሩ ማርከር አትጠቀሙ፤ ቀለሙ ወደ ቀጣዩ ገጽ ያልፍና የአንዱን ቤት ምልክት በሌላው ቤት ስም ላይ ያትመዋል። ለዚህ ሥራ እስክሪብቶ ይሻላል።